ስለ ልጆቹ በሚመከርበት ጠረጴዛ



ባለፈው ዓርብ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ወደ አውቶቡሶቹ ሲበተን፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የማውቃት አንዲት እናት ስልኳን በእጇ ይዛ ቀረበችኝ። ነገሩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እኔም ማንነቷን የሚገልጠውን ሁሉ ትቼዋለሁ። ታናሽ እኅቷ ከረጅም የስደት እንግልት በኋላ አሜሪካ ገብታ ልጆቿን በዚያ ታሳድጋለች። የበኩር ልጇ 14 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሰው መኪና መስታወት ሰብሯል ተብሎ ተያዘ፤ ከዚያም ለእናቱ ተመልሶ የፍርድ ቤቱን ቀን እየጠበቀ ነው። እናቲቱ ሌሊት ሌሊት በሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች። ከፍርድ ቤቱ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚተረጉምላት ራሱ ተከሳሹ ልጅ ነው።

በስልኳ ያሳየችኝ አጭር ዜና ነበር። እኅቷ በምትኖርበት ግዛት የሚገኝ አንድ የግዛቱ ምክር ቤት አባል፣ ስለ ወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ምክር በሚሰጡ ኮሚቴዎች ውስጥ አባል ሆኖ መሾሙን ይናገራል። ፎቶግራፍ አለ፤ የእንኳን ደስ ያለዎት መልእክት አለ፤ ሹመኛው ክብር እንደ ተሰማው የሚገልጽ ቃልም አለ።

«አባ፣ ይህ ሰው የእኅቴን ልጅ ያድንልን ይሆን?» አለችኝ።

«አይ ልጄ፤ እንዲህ ያለው ኮሚቴ የአንድን ልጅ ጉዳይ አይዳኝም» አልኋት።

ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፊቷ ሲጨልም አይቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የሰጠኋት መልስ እውነት ቢሆንም ግማሽ ብቻ መሆኑ ከነከነኝ። የቀረውን ግማሽ እዚህ ልጻፈው፤ ከእናንተ መካከል በዚያች አገር የወንድም ወይም የእኅት ልጅ የሌለው ጥቂት ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ አሪዞና መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1964 ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ፣ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ጸያፍ ነገር ተናግሯል በሚል ተያዘ። ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ። የወሰዱት ሰዎች ለእናቱ አንድ ቃል እንኳ ትተውላት አልሄዱም። ማታ ከሥራ ስትመለስ ልጇ የለም፤ መያዙም የተሰማው ከጎረቤት ቤት ነው። በችሎቱ ጠበቃ አልነበረውም። ከሳሿ ሴት ቀርባ አልመሰከረችም። የተባለውም ቃል በመዝገብ አልተጻፈም። ዳኛው ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በግዛቱ የወጣት ጥፋተኞች ተቋም እንዲቆይ ወሰኑ፤ ይህም እስከ 6 ዓመት ማለት ነበር። ያንኑ ጥፋት አንድ ጎልማሳ ቢፈጽመው ኖሮ ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር መቀጫ፣ ወይም ከሁለት ወር ያልበለጠ እስራት ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የተደረገው በጭካኔ ስም ሳይሆን በርኅራኄ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት ሲቋቋም ሐሳቡ መልካም ነበር። ልጅ እንደ ወንጀለኛ አይታይ፤ ዳኛው እንደ አባት ሆኖ ይምከረው፣ ያርመው የሚል ነበር። ዳኛው አባት ከሆነ ግን ጠበቃ ምን ያደርጋል ተባለ። ምስክርስ ለምን ይመረመራል ተባለ። እንዲህ እየተባለ ልጁ ጎልማሳ ወንጀለኛ ያለውን መብት ሁሉ አጣ፤ በምትኩም የተሰፋለትን አባትነት በብዙ ቦታ አላገኘም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1967 በጎልት ጉዳይ ሲወስን፣ ልጅም ቢሆን የተከሰሰበትን ነገር አስቀድሞ የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘት፣ የሚመሰክሩበትን የመጠየቅና በራሱ ላይ ያለ መመስከር መብት እንዳለው አስታወቀ። ዛሬ የእኅታችን ልጅ ተከላካይ ጠበቃ የሚቆምለት፣ ያ ልጅና ወላጆቹ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ ስለ ተከራከሩ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ የሚቀረው ከሥራ ከተመለሰችው እናት ጋር ነው። በቤት ውስጥ ማንም የለም፤ የምትጠይቀውም ሰው የለም። ስንቶቻችሁ ናችሁ በሰው ቤት የሌላውን ልጅ እያበላችሁና እያስተኛችሁ፣ የራሳችሁ ልጅ በዚያች ሰዓት የት እንዳለ ሳታውቁ የምታድሩ! ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከ7 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ወጣቶች ፍትሕና ስለ ጥፋት መከላከል አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለግዛቶች ገንዘብ ይሰጣል፤ በምላሹም ቃል ያስገባል። ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ከቤት መኮብለል፣ ሰዓት እላፊ መጣስ፣ ማለትም ጎልማሳ ቢያደርገው ወንጀል የማይባል ነገር፣ ልጅን ተቆልፎ ወደሚጠበቅ ማቆያ አያስገባው ይላል። ልጆች ከጎልማሳ እስረኞች ጋር እንዳይተያዩና ድምፅ እንዳይሰማሙ ሆነው ይለዩ ይላል። እየቆየም ሁለት ነገር ተጨመረበት፤ ልጆች ከጎልማሶች እስር ቤት ጨርሶ እንዲወጡ፣ የአንዳንድ ዘር ልጆች ከሌሎቹ በዝተው የሚያዙበት ምክንያትም እየተጠና እንዲታረም። ከአራቱ አንዱን ያልፈጸመ ግዛት ከሚደርሰው ገንዘብ 20 በመቶ ይቀነስበታል። ገንዘቡም ግዴታውም ይቅርብኝ ብሎ ለረጅም ዓመታት የቆየ እንደ ዋዮሚንግ ያለ ግዛትም አለ።

በዜናው ላይ የምናነባቸው አማካሪ ኮሚቴዎች በአብዛኛው ከዚህ ሕግ የተወለዱ ናቸው፤ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ የሚያቋቁሟቸው ሌሎችም አሉ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት አገረ ገዢው ከ15 ያላነሱ ከ33 ያልበለጡ አባላትን ይሾማል። አብዛኞቹ፣ ሰብሳቢውም ጭምር፣ የመንግሥት የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መሆን የለባቸውም። ከአምስቱ አንዱ እጅ ሲሾሙ ከ28 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ሊሆኑ ይገባል። ቢያንስ ሦስቱ ደግሞ በዚሁ የወጣቶች ፍትሕ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ወይም አሁንም በውስጡ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ይህ ካልተቻለም የእንደነዚህ ያሉ ልጆች ወላጅ ወይም አሳዳጊ። ኮሚቴው የግዛቱን የሦስት ዓመት ዕቅድ ይመረምራል፤ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ አስተያየት ያቀርባል፤ ለአገረ ገዢውና ለግዛቱ ምክር ቤትም ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይልካል።

አንድ ጊዜ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕጉ በፖሊሱ፣ በዐቃቤ ሕጉና በዳኛው አጠገብ፣ አንድ ቀን እጁ በካቴና ታስሮ የነበረ ልጅ እንዲቀመጥ ያዛል። የሚቀመጠው ሊመከር ሳይሆን ሊመክር ነው። እኛ እንዲህ ያለ ልማድ የለንም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምንል ሰዎች ነን። ያጠፋ ልጅ ሲገጥመን ደግሞ «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንልና ለመከራው አሳልፈን እንሰጠዋለን። በአባቶቻችን ጥበብ ላይ ልሣለቅ አይደለም፤ ራሴም በዚህ ጥበብ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ማቆያ ውስጥ ሌሊት በሩ ሲቆለፍ ምን እንደሚሰማ፣ ጠበቃው ከችሎቱ በፊት ስንት ደቂቃ እንዳነጋገረው፣ የሚጠብቁት ሰዎች በስሙ ይጠሩት ወይም በቁጥር የሚያውቅ ያ ልጅ ብቻ ነው። ይህን ዕውቀት ከየትኛውም ሴሚናሪ ወይም ዩኒቨርሲቲ ማግኘት አይቻልም።

እንግዲህ የሕግ አውጪው ሹመት ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው። ኮሚቴው ሪፖርቱን የሚልከው ወደ ምክር ቤቱ ነው፤ ሰውየው ደግሞ በሚልከውም በሚቀበለውም ቤት ወንበር አለው። ማክሰኞ ዕለት ከአንድ የ19 ዓመት ወጣት አፍ የሰማውን ሐሙስ ዕለት በበጀት ክርክር ላይ ሊናገረው ይችላል። ሌላው አባል ይህ ኃይል የለውም፤ መክሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሹመቱን ከንቱ ወግ አድርገው ከሚያዩት ጋር አልስማማም።

ሆኖም ደስታዬ ጥንቃቄ አለበት። ኮሚቴ የሚባለውን ነገር በቁምስናም በሀገረ ስብከትም በበቂ አይቻለሁ። ስሙ በዝርዝሩ ላይ ያለ፣ ወንበሩ ግን ባዶ የሆነ አባል ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረኝ አይገባም፤ እኔም እንደዚያ ያለ አባል የሆንሁበት ዘመን ነበር። ለሕግ አውጪ ደግሞ ፈተናው ይበልጥ ይከብዳል። በምርጫ ሰሞን ድምፅ የሚያስገኘው በአብዛኛው የተሰበረው መስታወት ነው፤ የሰባሪው የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ አይደለም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ጆን ዲዩሊዮ የሚባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር፣ ጸጸት የማያውቅ አዲስ የአራዊት ትውልድ ሊመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉ፤ ቃሉ ከጋዜጣ ወደ ምክር ቤቶች ተዛመተ። በዚያው ዐሥርት ዓመት አብዛኞቹ ግዛቶች ልጆችን በጎልማሶች ፍርድ ቤት ማቅረብን የሚያቀልሉ ሕጎችን አወጡ። የተባለው ትውልድ ግን አልመጣም። በከባድ ወንጀል የሚያዙ ልጆች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1994 ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበርና፣ ማስጠንቀቂያው ሲጻፍ ቁልቁለቱ ጀምሮ ነበር። ዲዩሊዮ እንደ እኛው ካቶሊክ ናቸው፤ ስሕተታቸውንም በአደባባይ አምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በልጆች ላይ በግዴታ የሚወሰነውን ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ሲመረምር፣ ያ ትንቢት ሐሰት እንደ ነበር ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ካስታወቁት ምሁራን አንዱ ነበሩ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ፤ ስሕተቱን የሚያምን ምሁር ብዙ አይገኝም። ሕጎቹ ግን ምሁሩ እንደ ተመለሱ በአንድ ጀንበር አልተመለሱም። በእነዚያ ሕጎች የገቡ ልጆች በእስር ቤት ውስጥ ጢም አበቀሉ፤ ፀጉራቸውም ሸበተ።

እነዚያን ሕጎች ያወጡ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። የፈሩ ሕዝቦች እንደራሴዎች ነበሩ፤ ስለ ልጆቹ ብዙ አንብበዋል፤ ከልጆቹ ጋር ግን አልተቀመጡም።

አሁን ደግሞ የተሻለውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ወራት፣ በሚሺጋን ግዛት አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በአመክሮ ላይ ሳለች በኢንተርኔት የሚሰጠውን የትምህርት ቤት ሥራ አልሠራችም ተብላ ወደ ማቆያ ተላከች። ከሁለት ወር በላይ ቆየች። ነገሩ በጋዜጠኞች ተገልጦ አገሩን ካነጋገረ በኋላ በይግባኝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት አገረ ገዢዋ ግሬቸን ዊትመር ስለ ወጣቶች ፍትሕ ማሻሻያ የሚመክር ግብረ ኃይል አቋቋሙ። በውስጡም ዳኞች፣ የአውራጃ ሹማምንት፣ በሥርዓቱ ያለፉ ሰዎችና ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ተቀመጡ። መከሩ፤ የውሳኔ ሐሳቦቻቸውንም በጽሑፍ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 አገረ ገዢዋ ከዚያ የመነጩ በርካታ ሕጎችን ፈረሙ። በልጆች ፍርድ ቤት ቤተሰብ ይከፍለው የነበረው አብዛኛው መቀጫና የአገልግሎት ክፍያ ቀረ። ልጁ በቤቱ ሆኖ ለሚያገኘው እርዳታ ግዛቱ ለአውራጃዎች የሚመልሰው ወጪ ከ50 በመቶ ወደ 75 በመቶ ከፍ አለ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ደረቅ ሒሳብ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቀው እርሱን ነው። አንድን ልጅ ከቤቱ አውጥቶ ማቆያ ማስገባትና በቤቱ ሆኖ መርዳት ለአውራጃው እኩል የሚያስወጡት ከሆነ፣ የደከመው ባለ ሥልጣን ቁልፉን ይመርጣል። ሕጉ ሚዛኑን አዘነበለው። በበጀት ዐምድ ውስጥ የተለወጠች አንዲት ቁጥር ስንት ልጆችን በእናታቸው ቤት እንደምታሳድር አስቡ። እንዲህ ያለውን ቁጥር ሊለውጥ የሚችለው ደግሞ ሕግ አውጪ ነው። ካህን አይችልም፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ አይችልም፤ በካቴና የታሰረው ልጅም ብቻውን አይችልም።

ስለዚህ ያችን እናት «አይ» ብዬ መሸኘት አልነበረብኝም። ሰውየው ለእኅቷ ልጅ ጉዳይ ምንም አያደርግም፤ በዚያ ኮሚቴ የሚናገረው ግን ከዚህ ልጅ ቀጥሎ የሚያዘው ልጅ ስለሚገባበት ቤት ይወስናል። ማንን እንደሚሰማ ማወቅ ደግሞ የወላጆች መብት ነው። በብዙ ግዛቶች የእነዚህ ኮሚቴዎች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። የእኛ ሰዎች ግን አይሄዱም። ሥራው ይከለክላል፤ ቋንቋው ያስፈራል። ከሁሉም የሚብሰው ኀፍረቱ ነው። ልጁ የተያዘበት ሐበሻ ጉዳዩን ከጎረቤት ይደብቃል፤ ከአክስትና ከአጎት ይደብቃል፤ ንስሐ አባቱ እንኳ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። የሚታፈርበት ልጅ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው አያገኝም፤ የሌላው ሕዝብ እናቶች በማይክሮፎኑ ፊት ሲሰለፉ የእኛዋ እናት በመኪናዋ ውስጥ ታለቅሳለች።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2013 በተመረጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጸሎተ ሐሙስን ሥርዓት የፈጸሙት በሮም ካሳል ዴል ማርሞ በሚባለው የወጣቶች ማረሚያ ቤት ነበር። የ12 ወጣቶችን እግር አጠቡ፤ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ሙስሊሞች ነበሩ። ከአንድ አሜሪካዊ ሕግ አውጪ እግር ማጠብን አልጠብቅም። ዓመት ሳይሞላው ግን ወደ አንድ ማቆያ ገብቶ፣ ከአስጎብኚዎቹ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ልጅ ጋር እንዲቀመጥ እጠብቃለሁ። የመረጡት ሰዎችም «ገብተው ያውቃሉ?» ብለው ሊጠይቁት ይገባል።

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ደግሞ ከጎልማሳው ለይቶ ይመለከታል። ልጅን እንደ ልጅ ማየት ባዕድ ትምህርት እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው ይህን መጥቀሴ። ወደ አሜሪካው ጉዳይ ልመለስ።

እሑድ ማታ ለዚያች እናት ደውዬ፣ ለእኅቷ እንድታስተላልፍ የሚከተለውን ነገርኋት። ልጁ በፍጹም ለእናቱ አስተርጓሚ አይሁን። እናቲቱ ከችሎቱ ቀን አስቀድማ የአማርኛ አስተርጓሚ ትጠይቅ። ልጁ ጠበቃውን ሳያነጋግር ስለ ነገሩ ለማንም አይናገር፤ «እውነቱን ከተናገርህ ይለቁሃል» ብላ እናቱ ራሷ እንዳትገፋፋው አደራ አልሁ። እንዲህ ስል ሐሰትን ማስተማሬ አይደለም፤ እውነት የሚነገርበት ሥርዓት አለው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ደግሞ፣ ልጁ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሁለቱም በዚያ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ያዩትን ይናገሩ።

በመጨረሻው ላይ ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያም «አባ፣ እኅቴ በሰው ፊት መናገር አትችልም» አለችኝ።

«በአማርኛ ትናገር፤ የሚተረጉም ይፈለጋል» አልኋት።

ትናንት መልሳ ደውላልኛለች። እኅቷ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዳ አስተርጓሚ ጠይቃለች፤ ፎርምም ሞልታለች። የችሎቱ ቀን ማክሰኞ ነው፤ የሰኞን የሌሊት ሥራዋን ከአንዲት የኬንያ ሴት ጋር ተቀያይራለች። የሕግ አውጪውን ጽሕፈት ቤት ስልክ ቁጥር እንድፈልግላትም ለመነችኝ። አግኝቼ ልኬላታለሁ።